የማያልቀው ጎማ

ቀረብ በሉ። ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት። ዝናቡ ይሰማችኋል? ያን ቀንም እንዲህ ይዘንብ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ነው፤ ግን ጉም ስለወረደ ጨልሟል። ቦታው ቁልቁለት ነው። ባንድ ወገን ገደል፣ ባንድ ወገን ቋጥኝ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ቀጭን አስፋልት። ሰው የለም። ቤት የለም። በዚያ መንገድ አንድ ሰው መኪናውን ይነዳል።

ማን ነው? ዘርጋው ነው። መንደሩን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ ዛሬም አሉ፣ ዛሬም ይኩራራሉ። በዚያ ዘመን በመንደሩ መኪና የነበረው እሱ ብቻ ነው። እና ምን አደረገላት? መጋረጃ ሰቀለላት። ሦስት ዓይነት ክላክስ አስገጠመላት። በኋላ መስታወቷ ላይ «አይደርሱባትም» ብሎ አጻፈ። ማን ሊደርስባት? በቅሎዎቹ?

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጎማ ሊገዛ ወደ ጎሚስታው ወደ ጋሽ ኑርልኝ ሄደ። ሚስቱ አስካለችም አብራው ነበረች። ጋሽ ኑርልኝ ሁለት ዓይነት ጎማ አውጥተው አሳዩት።

«ይኸኛው ለስለስ ያለ ነው» አሉ። «ቦዩን እየው፣ ጥልቅ ነው። ውሃውን ወደ ጎን ያስወጣዋል፤ እርጥብ መንገድ ይይዛል። ግን ቶሎ ያልቃል፣ አልዋሽህም።»

«ያኛውስ?»

«እሱ መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት የተኛ ነው። ደርቋል። በዝናብ ያንሸራትትሃል። ማለቁን ግን አያልቅም።»

«አያልቅም?» አለ ዘርጋው።

ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው ይህችን አንዲት ቃል ነው።

«ለስላሳውን እንውሰድ» አለች አስካለች። «ቁልቁለቱን የምወርደው እኔም ነኝ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጎማ የምታውቂው? የሚያልቅ ነገር ማን ይገዛል?»

ጎማ የሚያልቀው ለምን ይመስላችኋል? መንገዱን ስለሚይዝ ነው። መንገዱን የማይነካ ነገር በምን ያልቃል? ይህን ለመረዳት ትምህርት ያስፈልጋል? ዘርጋው ግን የማያልቀውን ገዛ። ሳምንቱን ሙሉ ጠጅ ቤት ተቀምጦ «ይህን ጎማ ልጄ ይወርሰዋል» ሲል ሰነበተ። ልጅ እንኳ አልነበረውም።

እንግዲህ በዚያ ዝናብ ከገበያ ሲመለሱ አስካለች አጠገቡ ተቀምጣለች። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ አንድ ድምፅ ሰሙ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። «ድንጋይ ነው» አለ ዘርጋው።

በሁለተኛው ኩርባ ላይ ከመብራቱ ፊት አንድ ጎማ አዩ። ብቻውን ይንከባለላል። ወደየት? ወደ ላይ። ዳገቱን ወደ ላይ። «ከሰው መኪና የወለቀ ነው» አለ ዘርጋው። ከማን መኪና? እሱ አልጠየቀም።

በሦስተኛው ኩርባ ላይ ጎማውን የሚገፋውን ሰው አዩት። ጎንበስ ብሎ ይገፋል። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሰውየው ግን አይረጥብም። ጎማው ጎርፍ አስፋልቱ ላይ ባመጣው ጭቃ ላይ ይሄዳል፤ ግን ጭቃው ላይ ዱካ የለም። ዘርጋው ፍሬን ያዘ። መኪናዋ አልቆመችም። ተንሸራተተች፣ ተንሸራተተች፣ አንድ እግሯ ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመች።

ሰውየው መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ጎማህ ያልቃል?» አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይላል? ይጮኻል፣ ያማትባል። ዘርጋው ምን አለ? ጎረረ። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ፊት ፊት ጎረረ።

«አያልቅም» አለ። «ልጄ ይወርሰዋል።»

«እኔም እንዳንተ የማያልቀውን ገዝቼ እዚሁ ገደል ነው የገባሁት» አለ ሰውየው። «ጎማህ ሲያልቅ ታርፋለህ ተባልኩ። ይኸው እገፋዋለሁ። እስከ ላይ እገፋዋለሁ፣ ተመልሶ ይወርዳል። የፀጉር ያህል እንኳ አላለቀም።» አውራ ጣቱን ወደ ፊተኛው ጎማ ሰዶ ጫን አደረገው። ጥፍሩ አልገባም። ፈገግ አለ። «ብቻዬን ሰልችቶኝ ነበር።»

አስካለች በቋጥኙ በኩል በሩን ከፈተች።

«ዘርጋው፣ ውረድ። በእግራችን እንሂድ።»

«ጎማውን ትቼ?»

ሰማችሁት? ነፍሱን ሳይሆን ጎማውን። ሚስቱን እንኳ ሳይሆን ጎማውን።

«ና ውረድ እልሃለሁ፣ አንተ ሰው።»

«ሰው ምን ይለኛል? መኪና እያለው በእግሩ መጣ ይበሉኝ?»

አስካለች ወረደች። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለችና ቋጥኙን በእጇ እየዳበሰች ቁልቁል ሄደች። ከኋላዋ ሞተሩ ሲነሣ ሰማች። ክላክሱን ሲነፋ ሰማች፤ ሦስቱንም። ከዚያ የፍሬን ድምፅ አልሰማችም። የሚይዘው ነገር ሲኖር አይደል ፍሬን የሚጮኸው? ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ወደ ገደሉ ወርዶ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ከበላይዋ ዳገቱ ላይ ሁለት ጎማ ሲንከባለል ሰማች፤ አንዱ ቀስ ብሎ፣ አንዱ ገና አልለመደምና እየተጋጨ።

አሁን «ብቻችሁን በጨለማ እንዳትሄዱ» እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ሁሌ በዚያ ያልቃል፤ ልጆችም ፈርተው ይተኛሉ። እኔ አልልም። አስካለች ብቻዋን ሄዳ፣ በዝናብ ሄዳ፣ በጨለማ ሄዳ ቤቷ ገባች። እስከ ሰማንያ ዓመቷ ድረስም ኖረች። እናንተም እንደ ዘርጋው ያለ ሰው «ግቡ፣ ላድርሳችሁ» ካላችሁ፣ ብቻችሁን ሂዱ።