ባለ አንድ እግሩ ነብር

ሃምሳ አለቃ ቀጀላ የወልደሰንበትን ሬሳ ሲያይ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ወዲያው አፈረ። በአሥራ አራት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ ስንቱን ሬሳ ገልብጦ አይቷል፤ በሰው ሞት ደስ ብሎት ግን አያውቅም ነበር። ፊቱን ያየበት ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብሎ ተመለከተና ቆቡን አውልቆ ቆመ።

ጊዜው 1972 ዓ.ም.፣ የጥቅምት ወር ረቡዕ ጠዋት ነው። ከየካ ሚካኤል ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ አንድ የዱር አራዊት ጥበቃ ጣቢያ ነበር። ሟቹ የጣቢያው የቅጥር ሹም ነው፤ ሥራ ፈላጊን የሚፈትነው፣ የሚያሳልፈውም የሚጥለውም እሱ። ትናንት ጠዋት ለአንዲት የአውሬ ጠባቂነት ቦታ ሦስት ሰዎች ፈተነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጥቶ በጫካው መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ፤ አልደረሰም። ማጅራቱ ድንጋይ ላይ አርፎ ደም ረግቶበታል። ኮቱ ደረቱ ላይ ተቦጫጭሯል። ዙሪያውን ባለው እርጥብ አፈር ላይ የአውሬ ዱካ ታትሟል። ከጎኑ አንዲት የእንጨት ሣጥን ተቀምጣለች።

«ነብር ነው» አለ ኃይለ መስቀል፣ የጣቢያው ኃላፊ። ከካድሬ ትምህርት ቤት ወጥቶ የተሾመ፣ ነብርን በሥዕል የሚያውቅ ጎልማሳ ነው። «ለበላይ አካል ደውያለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ባለጠመንጃ ይደርሳል። አውሬው ይገደላል፣ ሪፖርቱ ይዘጋል።»

ቀጀላ ቁጢጥ ብሎ ዱካውን አንድ በአንድ ቆጠረ። አሥራ አንድ ነው። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አራት የጥፍር ቀዳዳ አለ። ቀዳዳዎቹን ሲያይ ጆሮው ድረስ ጋለ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም።

«ጓድ ኃላፊ፣ እዚህ ጫካ ባለ አንድ እግር ነብር አለ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አሥራ አንዱም ቀኝ የፊት እግር ነው። ግራው የለም፣ የኋላው የለም። ይቺ ሣጥንስ?»

«የፈተና ሣጥን ናት። የደረቀ የአውሬ እግር አለባት። የጅብ፣ የነብር፣ የድኩላ። ተፈታኞች እያዩ ይጠየቃሉ። ወልደሰንበት ለማንም አምኖ አይሰጣትም፤ ቤቱ ይዟት ይሄዳል፣ ጠዋት ይዟት ይመጣል።»

ቀጀላ ሣጥኗን ከፈተ። የነብሩ እግር ርሷል፤ በጥፍሮቹ ሥር ቀይ አፈር ተሰንቅሯል።

«ውስጧ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?»

«እኔ። ታይፒስታችን አፀደ። ትናንት የተፈተኑት ሦስቱ። እኔን እንደሆነ ከሰባት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውይይት ክበብ ላይ አርባ ሰው አይቶኛል።» ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነብር ነው ብዬ ደውያለሁ እኮ፣ ሃምሳ አለቃ። እስከ ስምንት ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጡልኝ ነብር ነው። ሰው ነው ካሉም ከተፈታኞቹ አንዱ፣ ያ እንጨት ተሸካሚ ፈዬራ አለ። ሬሳውን ያገኘው እሱ፣ ጫካ የሚኖረው እሱ። ቀበሌው ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።»

ቀጀላ የፈተናውን ወረቀት ፍለጋ ብቻውን ቢሮ ገባ። የትናንቶቹ ሦስት ወረቀቶች ሳይታረሙ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጠዋል። በዚያው ይበቃው ነበር። እጁ ግን የታችኛውን መሳቢያ ሳበ፤ የአሮጌ ተፈታኞች ፋይል ነው። 1958 የሚለውን አወጣ፣ ገለበጠ፣ የራሱን የእጅ ጽሑፍ አገኘው። በቀይ ቀለም የተጻፈበትም አልደበዘዘም። በዚያ ዓመት እሱም እዚሁ ጣቢያ አመልክቶ ነበር፤ የፈተነውም ይኸው ሟቹ ነው። ለሚስቱ «ጫካ አልወድም ብዬ ተውኩት» እንዳላት እስከ ዛሬ አለ። ባልደረቦቹም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ፖሊስ ሆኖ ከሟች ቢሮ ወረቀት ሰረቀ።

አፀደን ጠራት። ሠላሳውን ያለፈች፣ ስትናገር ጣቶቿ ጠረጴዛ ላይ የሚተይቡ ሴት ናት።

«ስለ ሟቹ ንገሪኝ።»

«ነፍሱን ይማረው። ሰው ሲሳሳት ደስ ይለው ነበር። የተሳሳተውን ወረቀት ለሁሉም ጮክ ብሎ ያነባል።»

«አውቃለሁ» ሊል አፉ ደርሶ መለሰው። «ጠላት ነበረው?»

«ጠላትስ የተፈተነው ሁሉ ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ደጅ ጥናት ቀርቷል ተባለ አይደል? እሱ ጋ አልቀረም። በየዓመቱ አንዱ አመልካች ከጣቢያው ጀርባ ያለውን የድንች ማሳውን ይኮተኩትለታል። የዘንድሮው ከመጋቢት ጀምሮ እሑድ እሑድ ይመጣል። በዋናው በር አይገባም፤ በጫካው በኩል ነው። እዚሁ ግቢ ስለምኖር ዶማው ይሰማኛል፣ መልኩን አላየሁትም። ሰው ሲመጣ ይደበቃል።»

«ለምን ይደበቃል?»

«እርስዎ ቢሆኑ አይደበቁም?» አለችው።

ሦስቱ አመልካቾች ውጤት ለመስማት ራሳቸው መጥተው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ቀድሞ የገባው ሳልህ ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት፣ አፉ የማያርፍ ልጅ።

«ጋሼ፣ እኔ ሰው ብገድል አልፌ እንደሆነ ሰምቼ ነው የምገድል። ሳይነግረኝ ምን አቸኮለኝ?»

«የሟቹን ማሳ ታውቀዋለህ?»

«ማሳ ነበረው? ጉድ ነው። እኔ ከመኪና ላይ ወርጄ አላውቅም።»

ፈዬራ ቀጠለ። አርባ የሞላው፣ ትከሻው በባሕር ዛፍ ሸክም የተላጠ፣ መሠረተ ትምህርት ገና አምና የጨረሰ ሰው ነው። የምስክር ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል።

«እኔን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ሃምሳ አለቃ። እንጨቴን ይዤ ስወርድ አየሁት፣ ሮጬ ነገርኩ። ባልናገር ይሻለኝ ነበር?»

«ማሳው ጋ ሄደህ ታውቃለህ?»

«የእኔ መንገድ በላይ በኩል ነው። እሱ ሰው ወደዚያ ሲጠጋ አይወድም።»

የመጨረሻው ለይኩን ነው። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ ሱሪው በካውያ የተተኮሰ፣ ከየካ ሚካኤል ሥር ከእናቱ ጋር የሚኖር የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ተቀመጠ።

«ከፈተናው በኋላ የት ሄድክ?»

«ቤቴ። አነበብኩ።»

«እሑድ እሑድስ?»

«እንደ ሰው ሁሉ ነኝ። እሑድ ምን ይሠራል?»

«የሟቹን ማሳ ታውቀዋለህ?»

«ድንች የሚተክል ሰው ጋ ምን ጉዳይ አለኝ?»

ቀጀላ ቀና ብሎ አየው። ስለ ድንች ያነሳ ሰው አልነበረም። ሆኖም ድንች በየካ ጓሮ ሁሉ ይተከላልና በዚያ ብቻ ሰው አይያዝም። ሌላም ነገር ይዞት ነበር፤ የልጁን ኩራት ያውቀዋል። የራሱ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሦስቱንም በጫካው በኩል ወደ ማሳው ወሰዳቸው። ጠዋት አፀደ ከነገረችው በኋላ ማሳውን ሊያይ ብቻውን ሲመጣ በሣር የተሸፈነ የውሃ ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ነበር። አሁን አልተናገረም፤ ወደ ኋላ ቀረና እግር እግራቸውን አየ። ሳልህ እያወራ ሄዶ ዘጭ አለና እናቱን ጠራ። ፈዬራ ቆመ፣ በዱላው ሣሩን ወጋ ወጋ አደረገ፣ ዞሮ ተሻገረ። ለይኩን ዓይኑን ከኮረብታው ሳያነሳ፣ ሰው የቤቱን ደፍ እንደሚያልፍ፣ ቦዩን ተራመደው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም መፈተኛው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ወንበሩ ያው የድሮው ነው። ቀጀላ የቆመው ወልደሰንበት ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ነበር፤ ደስ አላለውም።

«ሟቹን የገደለው ነብር አይደለም» አለ። «ሰው ገፍቶታል፣ ድንጋይ ላይ ወድቋል። ገፊው ደንግጦ ሣጥኗን ከፈተ፣ የነብሩን እግር አወጣ፣ ኮቱን ቧጨረበት፣ አፈሩ ላይ አተመው። ሣጥኗ ውስጥ ያለው የነብር እግር አንድ ብቻ ስለሆነ ነብሩ በአንድ እግሩ ሲዘል አደረ።»

ሳልህ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«አሁን የፈተናው ሰባተኛ ጥያቄ። የነብር ዱካ ከጅብ ዱካ በምን ይለያል? አፀደ፣ መልሱን የተየብሽው አንቺ ነሽ።»

«ጅብ ጥፍሩ አፈር ላይ ይታያል። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ አይታይም።»

«የሣጥኑ እግር ግን ደርቆ ጥፍሩ ወጥቶ ቀርቷል። ወልደሰንበት ጠረጴዛ ላይ የሚያኖረው ለወጥመድ ነው። ሕያው ነብር ያላየ ሰው የደረቀውን አይቶ ይጽፋል፣ ይወድቃል። ሬሳው ዙሪያ ያለው ዱካ ሁሉ ጥፍር አለው። ያተመው ሰው ነብር እንዲያ ይረግጣል ብሎ ያምናል ማለት ነው፤ የሚያውቅማ ጥፍሩን አፈር አያስነካም። አፀደ መልሱን ታውቃለች። ፈዬራ መጻፍ ቢከብደው ሥሎታል፤ ይኸው፣ መዳፍና አራት ጣት፣ ጥፍር የለም። ሳልህ ‹ነብር እንደ ድመት ነው፣ ጥፍሩን ይሸሽጋል፤ ድመታችንን ይጠይቁ› ብሏል።»

«ታዲያ ድመቱ ይዋሻል?» አለ ሳልህ።

«አይዋሽም። ለይኩን ግን ባማረ ጽሑፍ ‹የነብር ዱካ በጥፍሩ ምልክት ይታወቃል› ብሎ ጽፏል።»

ኃይለ መስቀል ሰዓቱን አየ። «አንድ ጥያቄ የሳተ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው? እኔም ብጠየቅ እንዲያ ነበር የምለው።»

«አይደለም» አለ ቀጀላ። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፤ ወረቀቱን ሲዘረጋው ተንኮሻኮሸ። «ይህን የጻፈውም ተመሳሳይ ነው ያለው። ‹ነብር ጥፍሩን ተክሎ ይሄዳል።› ከሥሩ በቀይ ቀለም ‹ይህ ሰው ድመትም አይጠብቅ› ተብሎበታል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ወልደሰንበት ሠላሳ ሰው ፊት አንብቦልኛል፤ ሠላሳው ሁሉ ስቋል። ዛሬ ጠዋት ሬሳውን ሳየው ደስ ብሎኛል። ወረቀቱንም ከፋይል ሰርቄያለሁ። ገድዬው ቢሆን ኖሮ የማትመው ዱካ ይኸው ነበር። ስለዚህ የዱካው ስሕተት ብቻውን አይበቃም ብዬ ማሳው ወሰድኳችሁ።»

የሳቀ አልነበረም።

«ሦስታችሁም ማሳውን አናውቅም አላችሁ። ሳልህ ቦዩ ውስጥ ገባ። ፈዬራ ዱላውን አስቀደመ። ለይኩን ሳያይ ተሻገረው። ከመጋቢት ጀምሮ እሑድ እሑድ የተሻገረ እግር ነው። ለይኩን፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ።»

ለይኩን መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከተተኮሰው እጅጌ የወጣው የገበሬ እጅ ነበር፤ ዶማ ያደደረው።

«ትናንት ልጠይቀው ሄድኩ» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ስምንት ወር ቆፍሬያለሁ። ‹ገና አላረምኩትም› አለኝ። ‹ግን በከንቱ አትጠብቅ፣ ለመጪው ዓመት እናያለን። እስከዚያ ድንቹ አለልህ።› ሲስቅ ገፋሁት። ልገድለው አላሰብኩም። ይሄን ሁሉ ጻፉት፣ እፈርማለሁ።» ቀና አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ለእናቴ ሰው ገደለ ይበሏት። ድንች ሲቆፍር ነበር አይበሏት። እሑድ እሑድ ሥልጠና ላይ ነኝ ብያታለሁ።»

ኃይለ መስቀል ባለጠመንጃዎቹን ሊያስቀር ወደ ስልኩ ወጣ። ፈዬራ የምስክር ወረቀቱን እንደያዘ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። ቀጀላ የራሱን ወረቀት ከለይኩን ወረቀት ጋር አንድ ላይ አድርጎ ከፋይሉ አያያዘው።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚያወርደው መንገድ አንድ ነው፤ በየካ ሚካኤል ሥር ያልፋል። ለይኩን በሌላ በኩል እንሂድ አላለም፤ በካቴና የታሰረ እጁን ግን ወደ ሆዱ አስጠጋ። ቀጀላ የአውሬ ጠባቂዎችን የደንብ ልብስ የሚመስለውን የካኪ ኮቱን አወለቀና በእጁ ላይ ጣል አደረገለት፤ ካቴናው ተሸፈነ።

አሮጊቷ ከአጥሩ ደጃፍ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ቢላዋውን አስቀምጠው ተነሡ።

«ለይኩንዬ፣ ሥልጠናው አለቀ?»

«አለቀ፣ እማዬ።»

ዓይናቸው እጁ ላይ ያለው ኮት ላይ አረፈ። በእርጥብ ጣታቸው እንዳያቆሽሹት ብለው ሳይነኩት ቀረብ ብለው አዩት።

«ካኪውን ሰጡህ» አሉ። ከዚያ ወደ ቀጀላ ዞረው ጎንበስ አሉ። «አለቃው እርስዎ ነዎት? ስምንት ወር ሲመላለስ ዕድሉ ይጠፋል ብዬ ስሰጋ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

ቀጀላ ቆቡን አወለቀ። ጠዋት ሬሳው ራስ ላይ እንደቆመው ቆመ። ከዚያ እሱም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው።