ስኳር የተጠቀለለበት መንዙማ

እስኪ ጠጋ በሉና ስሙኝ፣ ልጆቼ። ሱቅ ውስጥ ሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ሀጀርን የዚያን ቀን ምን እንዳስደነገጣት ቶሎ ይገባችኋል።

ከሚዛኑ ሥር እጇን ሰደደች። ወረቀቱ የለም። ለስኳር መጠቅለያ የቆለለቻቸውን አሮጌ የደብተር ቅጠሎች አንድ በአንድ አገላበጠች። የለም።

ሀጀር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ወሩ ሐምሌ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጨርሳ፣ ገርጂ ባለችው ሱቃቸው ከእናቷ ከዘሃራ ጋር ትሠራለች። አባቷ እንድሪስ በቦሌ መስመር ታክሲ ስለሚነዳ ቀን ቀን አይገኝም። ሀጀር ደግሞ መንዙማ ትገጥማለች። ማንም አላስተማራትም፤ አላህ የሰጣት ነው። ደንበኛ ሲሄድ አንድ ስንኝ፣ ሌላው እስኪመጣ አንድ ስንኝ። አርብ ለመውሊድ ሴቶቹ ቤታቸው ሲሰበሰቡ ልታሰማቸው የጀመረችው መንዙማ ያ ወረቀት ላይ ነበር። በጠዋቱ ግርግር ለአንዷ ስኳር ጠቅልላበት ሰጥታለች።

የነቢ ስም አለበት። አሁን የማን ቤት ቆሻሻ ውስጥ ወድቆ ይሆን? ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ የመንዙማዬን ወረቀት ስኳር ጠቀለልኩበት።»

ዘሃራ ምስር መልቀሟን አቆመች። «የነቢ ስም ያለበትን?»

«አዎ።»

«አስተግፊሩላህ። ሂጂ፣ ቤት ለቤት ዞረሽ አምጪው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ስትጽፊ እንዳላይ።»

ጠዋት ስኳር የገዙት አምስት ናቸው። ሀጀር ሻሿን አጥብቃ ጭቃው ውስጥ ገባች። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ስኳር የተጠቀለለው በጋዜጣ ነበር። ሁለተኛዋ «ወረቀት? እሳት አቀጣጠልኩበት» ስትላት ሀጀር ወደ ምድጃው ጎንበስ አለች። ምድጃው አጠገብ የቀረችው ቁራጭ ላይ ግን ያለው የሒሳብ ቁጥር ነው።

ሦስተኛው የእትዬ ንግሥቲ ቤት ነው። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ሄርሞን፣ የሀጀር የክፍል ጓደኛ ናት።

«ሀጁ፣ ስኳር በግጥም መሸጥ ጀመራችሁ?»

«አንቺ ጋ ነው ያለው?»

«እኔማ ከሰል ላያይዝበት ነበር። እማዬ ከእጄ መነጨቀችኝ እንጂ።»

«ግቢ ጓለይ፣ ግቢ ልጄ፣ ዝናብ ላይ አትቁሚ» አሉ እትዬ ንግሥቲ ከውስጥ። ወረቀቱን ከቡፌው ላይ አወረዱት። ጭምድዱን በእጃቸው አስተካክለውታል። «የእናንተ ጸሎት መሰለኝ። ጸሎት ደግሞ የማንም ይሁን የማን እሳት ውስጥ አይገባም። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ፦

«ቀኑን ሙሉ ስመዝን እጄ ዝሎ ደክሞኝ፣
የነቢን ስም ሳነሳ ሸክሙ ቀለለኝ።»

«ከዚህ በኋላስ?» አሉ ቀና ብለው።

«ደንበኛ መጣብኝ።»

«ታዲያ እግዜር ለሰጠሽ ነገር፣ ደንበኛ ያስተረፈልሽን ሰዓት ብቻ ነው የምትሰጪው?»

ሀጀር ወረቀቱን ተቀበለቻቸው። ከሻሿ ሥር ሸጉጣው ወደ ሱቁ ስትመለስ፣ ለእናቷ የምትለውን መንገድ ላይ ጨርሳዋለች።

«አገኘሁት እማዬ። ሱቅ ውስጥ ሁለተኛ አልጽፍም። ግን ከሱብሒ በኋላ፣ ሱቁ እስኪከፈት ግማሽ ሰዓት ስጪኝ።»

«ጠዋት ጠዋት የምትለቅሚውን ምስር ማን ይለቅማል?»

«ከምሳ በኋላ እለቅማለሁ። ያኔ የምተኛውን እተዋለሁ።»

«አንቺን አላውቅሽም? ሁለት ቀን ትነሺና በሦስተኛው ትለጠጫለሽ።»

«አልተኛም።»

ዘሃራ አየቻትና ወደ ሚዛኑ ዞረች።

በማግስቱ ሱብሒ ሰገዱ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ብርድ ልብሱ ገና አልቀዘቀዘም። ሀጀር ዓይኗን አሻሸች። ወደ አልጋዋ አልተመለሰችም፤ እዚያው ሰጋጃው ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። እናቷ የምስሩን ሰፌድ ከጥግ አንስታ ወደ ሱቁ አለፈች፤ በሩንም ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ሀጀር ሦስተኛውን ስንኝ ጀመረች።

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ስኳር የመጣበትን ወረቀት ከመጣላችሁ በፊት፣ ገለጥ አድርጋችሁ አንብቡት።