የተቃጠለው ጉንጭ

ነርሷ ወይዘሮ ውበቴ ከምሳ ዕረፍት ተመልሰው የክሊኒኩን በር በቁልፋቸው ሲከፍቱ፣ መጀመሪያ የተቀበላቸው የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ነበር። ዶክተር ጊልአድ በሕክምና ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሮ ደሙ እስከ በሩ ወርዷል። አጠገቡ ደም የለበሰ የብረት በርጩማ ወድቋል። ግራ ጉንጩ ደግሞ ከስሎ ጠቁሯል። ወይዘሮ ውበቴ አልጮኹም። ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡና ፖሊስ ጠሩ።

ክሊኒኩ ያለው እስራኤል፣ ሃይፋ አጠገብ ባለችው በክርያት ሞጽኪን ከተማ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ነው። የላላ ቆዳን በሙቀት የሚያጠብቅ ማሽን አለው። ባለፉት አራት ወራት ሦስት ሴቶች ከዚያ ማሽን ሥር ፊታቸው ተቃጥሎ ተነሥተዋል። የመጨረሻዋ ፍሬህይወት ናት። ለልጇ ሠርግ አምሮባት ለመታየት ብላ ገብታ፣ ሠርጉን ፊቷን ሸፍና ዋለች።

ምርመራው የተሰጠው ለኮኮብ ነው። ሃሊሳ በሚባለው የሃይፋ ሰፈር ያደገች፣ ትንሽ ተናግራ ብዙ የምታይ የፖሊስ መርማሪ ናት። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ጉንጩን አጥብቃ ተመለከተች። በቃጠሎው ዙሪያ ቆዳው ነጭ ነው፤ አልቀላም፣ ውሃም አልቋጠረም። ሬሳውን በጎኑ ስታዞረው ከሸሚዙ ሥር መዳፍ የሚያክል ልጥፍ አገኘች። ከልጥፉ የወጣ ሽቦ ማሽኑ ላይ ተሰክቷል።

«ይህ ምን ያደርጋል፣ እትዬ ውበቴ?»

«ያለሱ ማሽኑ አይሠራም፣ ልጄ። ሴቶቹንም መጀመሪያ እሱን ነበር ጀርባቸው ላይ የሚለጥፍላቸው።»

ሁሉም የጠረጠረው የፍሬህይወትን ባል ባየህን ነበር። ቲራት ካርሜል በምትባል ከተማ በብረት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነው። ከግድያው ሁለት ቀን በፊት ክሊኒኩ ገብቶ የእንግዳ መቀበያውን መስታወት በቡጢ ሰብሯል፤ ሐኪሙንም አንገቱን ይዞ ፊትህን እንደሷ ፊት አደርገዋለሁ ብሎታል። ኮኮብ ስትጠይቀው አልካደም።

«ልገድለው ፈልጌ ነበር» አላት፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ። «ሰው ቀደመኝ።»

ወይዘሮ ውበቴም ከጥርጣሬ አላመለጡም። የሦስቱንም ሴቶች ቁስል ያጠቡት እሳቸው ናቸው። የፍሬህይወትንማ ቤቷ ድረስ እየሄዱ ሦስት ሳምንት አሽገውላታል። ይህን ማሽን ካላቆምክ እግዜር ይፍረድብህ ብለው ከሐኪሙ ጋር መጣላታቸውንም ራሳቸው ተናገሩ።

ሌላው ባለቁልፍ ማሽኑን የሚጠግነው ኦረን ነው። እርጋታ ያለው ሰው ነበር። ሐኪሙ ሙቀቱን ያለ ልክ ከፍ ያደርግ እንደነበር አስረዳ። ፍሬህይወትን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ ራሷን በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ ግን ሐኪሙ ልኮለታል። የባየህንም ዛቻ ከሐኪሙ ሰምቷል።

በማግስቱ ጠዋት ኮኮብ ሁሉንም በክሊኒኩ መቆያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፍሬህይወት ከዓይኗ በታች በሻሽ ተሸፍና ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ዶክተሩ ሲቃጠል ሞቶ ነበር» አለች ኮኮብ። «በሕይወት ያለ ሰው ቆዳ ሲቃጠል ዙሪያው ይቀላል። የእሱ አልቀላም። ስለዚህ ቃጠሎው ለማሠቃየት አልነበረም፤ የተቃጠለች ሴት ዘመድ ተበቀለ እንድንል ነው። ጋሽ ባየህ ማሽኑን ነክቶ አያውቅም፤ ልጥፉ እንደሚያስፈልግ ከየት ያውቃል? የሚያውቁት እትዬ ውበቴና ኦረን ናቸው።» ወደ ኦረን ዞረች። «ፍሬህይወት የተቃጠለችው የትኛው ጉንጯ ነው?»

«ግራው» አለ ኦረን ሳያመነታ።

ኮኮብ ሴትዮዋን በዓይኗ ለመነቻት። ፍሬህይወት ሻሹን ፈታች። ግራ ጉንጯ ደህና ነው። ቀኙ ከጆሮዋ እስከ አገጯ ተኮማትሮ ቀልቷል።

«ስልኳ ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጦታል» አለች ኮኮብ። «ቁስሉን በእጃቸው ያጠቡት እትዬ ውበቴ አይሳሳቱም። ባሏም አይሳሳትም። ግራውን የሚያቃጥል ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው ነው።»

ከዚያ በሐኪሙ ኮምፒውተር ያገኘችውን፣ ለጤና ሚኒስቴር ተጽፎ ያልተላከ ደብዳቤ አወጣች። ደብዳቤው እንደሚለው፣ ቆዳውን የሚነካው የማሽኑ ጫፍ ለአንድ ሰው አገልግሎ የሚጣል ነው። ኦረን ግን ያገለገሉትን ጫፎች እንደ አዲስ እየገጠመ፣ ማሽኑ እንዳያውቅበት ቆጣሪውን ነካክቶታል። ያረጀው ጫፍ ሙቀቱን መለካት ሲሳነው የሴቶቹ ቆዳ ነደደ።

ኦረን ተነሥቶ በሩ ላይ ከቆሙት ፖሊሶች አንዱን በክርኑ አፍንጫውን መታው። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ባየህ አንገቱን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ደገመው። ደም ከኦረን ቅንድብ ወረደ።

«ባየህ፣ ተወው» አለች ፍሬህይወት። ለቀቀው።

ኦረን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ተናዘዘ። ሐኪሙ በምሳ ሰዓት ጠርቶት ደብዳቤውን እሑድ ሥራ ሲጀመር እልከዋለሁ አለው። ለመነው፤ ሐኪሙ ጀርባውን ሰጠው። በበርጩማው አንዴ መታው፤ ከወደቀ በኋላ ሁለቴ ደገመው። የባየህ ዛቻ ትዝ ብሎት ጉንጩን ያቃጠለው ከዚያ ወዲያ ነው።

በካቴና አስረው ሲወስዱት ፍሬህይወት ደብዳቤው መቼ እንደተጻፈ ጠየቀች። ኮኮብ ልትሸሽጋት አልፈለገችም። የተጻፈው ከሁለተኛዋ ሴት በኋላ፣ ፍሬህይወት ከመታከሟ ሃያ ቀን በፊት ነበር።

«እንግዲያው እያወቀ ነው ማሽኑ ሥር ያስተኛኝ።»

«እያወቀ ነው» አለች ኮኮብ።

ፍሬህይወት እጇን ወደ ደብዳቤው ዘረጋች። ከዚያ ቅጂውን ስጪኝ፣ ከእኔ በፊት ለተቃጠሉት ሁለት ሴቶች እኔ ልንገራቸው አለቻት። ኮኮብ ክሱ ሳይታይ ቅጂ መስጠት እንደማይፈቀድ ነገረቻት። ወንበር ሳበችና አጠገቧ ተቀመጠች፤ ደብዳቤውንም ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ፣ ከዕብራይስጡ ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ ቀስ ብላ አነበበችላት።