ቀዩ ችካል

ሳጅን ፌኔት ትርፍ ሸሚዟን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁልፍ እየተከለች ነበር። መርፌው ሁለተኛውን ቀዳዳ እንዳለፈ የጅረቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ቶላ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመ።

«አካም ቡልቴ፣ ሳጅን?»

«ናጋ፣ ኦቦ ቶላ። ይግቡ።»

አልገባም። «ችግኞቹን ጨረሷቸው» አለ።

መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካችው።

በጨለለቂ ሰፈር የሚያልፈው ጅረት ቆሻሻ መጣያ ከሆነ ቆይቷል። ኮሚቴው ለማጽጃና ዳርቻውን ለማልሚያ ከመንግሥት ድጋፍ ጠይቋል። ገንዘቡ የሚፈቀደው ነዋሪው የድርሻውን ሠርቶ ሲያሳይ ነው። ድርሻው ችግኝ ነበር። ገምጋሚዎቹ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።

ችግኞቹ በገጀራ ተቆርጠው፣ በተተከሉበት ተርታ ጭቃው ላይ ተኝተዋል።

ፌኔት በልጅነቷ እዚህ ትዋኝ ነበር። አስታወሰችው። ምንም አልተሰማትም።

«ከኮሚቴው ጋር የተጣላ ሰው አለ?»

«ሙላው አለ። ከወሎ የመጡት ሰዎች ልጅ። የጎመን መደቡን ለችግኙ ስንወስድበት ሰድቦናል።»

ሙላው ተጠርቶ ከነገጀራው ጣቢያ መጣ።

«ኧረ በማርያም፣ ሳጅን! ተሳድቤያለሁ፣ አልዋሽም። ጎመኔን እኮ ነው የነቀሉት! ግን ችግኝ ብቆርጥ ጎመኔ ይመለሳል?»

«ሌሊቱን የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ምስክሬ ሚስቴ ናት። እሷም ተኝታ ነበር።»

ገጀራውን ጠረጴዛዋ ሥር አኖረችው። እሱን ማረፊያ ክፍል አስገባችው።

ቀጥሎ ጂሬኛ ጋ ሄደች። አብረው ተምረዋል። ጅረቱ ዳር መኪና ያጥባል፤ ገንዘቡ ቢመጣ ከዚያ ይነሳል።

«መኪና ልታሳጥቢ ነው ወይስ ልታስሪኝ?»

«ማታ የት ነበርክ?»

«ጉቴ ከተማ፣ የአጎቴ ልጅ ሰርግ። ስጨፍር የተቀረጸ ቪዲዮ አለ። ማሎ፣ እንዳታዪው ብቻ!»

አየችው። ሲነጋም እየጨፈረ ነበር።

ወደ ችግኞቹ ተመለሰች። ከተርታው መሐል አንድ ችግኝ ቆሟል። ጠዋት የተረሳ መስሏት ነበር። አሁን ጎንበስ አለች። ግራና ቀኙ ያሉት ሲቆረጡ ገጀራው ወደ ውጭ ዞሯል፤ መሐለኛውን እንዳይነካው።

ኦዳ ነበር፤ ሾላ።

ትልቁን ኦዳ ሁሉም ያውቀዋል። ሽማግሌ ጥላው ሥር ይቀመጣል፤ ማንም ገጀራ አያነሳበትም። ይህ ግን ገና ከጉልበቷ አይደርስም። ጂሬኛን ጠርታ «ኦዳው የቱ ነው?» አለችው። የተቆረጠ ዋንዛ አሳያት። ሙላውን አስመጥታ ጠየቀችው።

«ሾላ ራሱ ነው የሚበቅለው፤ ችግኙን ማን አይቶት ያውቃል?» አለ።

የተከለው ያውቃል። በተከላው ቀን ጥበቃ ላይ የነበረችው ፌኔት ናት። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ኦዳውን ጉድጓዱ ውስጥ ያቆመውን ሰው አይታዋለች።

ኦቦ ቶላ ከጅረቱ አጠገብ ካለው የእናቱ ቤት ውስጥ ነበር። ግቢው መሐል በቀይ የተቀባ ችካል ቆሟል። አሮጊቷን አልጋ ላይ ደግፎ ገንፎ ያጎርሳቸዋል። ስትገባ አላቋረጠም።

«ችካሉ መቼ ተተከለ?»

«ማክሰኞ። ከችካሉ እስከ ውኃው ያለ ቤት ይነሳል።»

«ይህ ቤት።»

«ኤዬ።»

«ማመልከቻውን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። ዳርቻው ሰፊ ይሁን ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አልለካሁትም።»

«ለኮሚቴው መንገር ይችሉ ነበር።»

የእናቱን አገጭ ጠረገ። «ሙላውን ‹ወንድሜ፣ የጋራ ጥቅም ይበልጣል› ብዬ ጎመኑን ነቅያለሁ። ከዚያ የእናቴ ቤት አይነካ ልበል? ችግኝ ከሌለ ገንዘብ የለም። ገንዘብ ከሌለ ችካሉ እንጨት ነው።»

«ሙላውን አሳልፈው ሰጡኝ።»

«የተጣላ ሰው አለ ወይ አልሽኝ። ነበረ።» ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም።

«ኦዳውን ለምን ተዉት?»

ቀና ብሎ አያት። «ገጀራውን አንስቼ ነበር። እጄ አልወርድ አለኝ።»

አሮጊቷ ማን እንደመጣ በኦሮምኛ ጠየቁ።

«እንግዳ ናት፣ አዮ። አንዴ ብቻ ጉረሺ።»

ፌኔት ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ጠበቀች።

ገምጋሚዎቹ መጡ። ጉቶዎቹን አዩ። አንደኛው ኦዳውን ፎቶ አነሳ። ለሚመጣው ዓመት አመልክቱ ብለው ሄዱ።

ሙላው ወደ ወጣበት ማረፊያ ክፍል ኦቦ ቶላ ገባ። ፌኔት ገጀራውን ከጠረጴዛዋ ሥር አውጥታ ለሙላው ሰጠችው።

«ሰዎቹ መጡ?»

«መጥተው ሄዱ። ገንዘብ የለም።»

«እና ቶላ ነው?»

«እሱ ነው።»

ሙላው ገጀራውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

«እናቱንስ ማን ያጎርሳቸዋል?»

ፌኔት ወደ ማረፊያ ክፍሉ ዞር ብላ አየች።

«ሚስቴ ትሂድ» አለ። የተቆጣ ይመስል ነበር። ወጣ።

ሸሚዙን አነሳች። መርፌው እንደተሰካ ነው። በቀሩት ሁለት ቀዳዳዎች አሳለፈችው፣ ክሩን ቋጠረች፣ በጥርሷ በጠሰችው። ሸሚዙን ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።