የወንድይፍራው እናት ለቅሶ

ጥቅልሉ ብብቱ ስር ነበር።

ለሚያየው ዳቦ ይመስላል። በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። ውስጡ ያለው ግን ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ባለቤቱ ጀይሉ የሚባል የብርድ ልብስ ፋብሪካ አንጋፋ ሠራተኛ ነው። ደብተሩ መሰረቁን ገና አልሰማም።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ኮልፌ። ዓመቱ 1964።

ሰላዩ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በፋብሪካው ስሙ ወንድይፍራው ነው፤ በቢሮው መዝገብ «ወይራ»። እናቱ ስም አውጥታለት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ጦር ሰፈር፣ ከጦር ሰፈር ወደ ስለላ የገባ ሰው ነው።

አግዳሚው ጫፍ ላይ አለቃው ሻምበል ደሜ ጋዜጣ ዘርግቷል።

«አውቶቡሱ ዘገየ» አለ ደሜ፣ ቀና ሳይል።

«ቀራንዮ ላይ ጎማው ፈንድቶ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። ጥቅልሉ መሃላቸው ተቀመጠ።

«ሰውየውን አትነኩትም። ተስማምተናል» አለ ወይራ።

«ቃል ሰጥቼሃለሁ። እናነበዋለን። ንጹሕ ከሆነ ሰኞ ቦታው ይመለሳል።»

ወይራ ይህን አመነ። ቢሮው ከሁለት ወር በፊት «ሠራተኛ የሚያሳምጽ አስተማሪ አለ» ብሎ ነበር ወደ ፋብሪካው ያስገባው። አስተማሪ እውነትም አለ። ጀይሉ በምሳ ሰዓት ከገጠር የመጡትን አዲስ ሠራተኞች ማቅለሚያው ክፍል ጥግ ይሰበስባቸዋል። የሚያስተምራቸው ግን ካቦን፣ የሥራ አለቃቸውን፣ እንዴት ማናገር እንዳለባቸው ነው። ሀያቱ የሚባል አዲስ ገቢ የካቦው ትእዛዝ ሳይገባው፣ ላክብረው ብሎ «ገብቶኛል» አለና ሁለት ጣቱን ማሽን በላው። ደብተሩ የተጀመረው ያን ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ገጽ «አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፦ «መሬት መሬት አትይ። መጀመሪያ የሆነውን ተናገር፣ ቀጥለህ የምትፈልገውን። ከዚያ ዝም ብለህ መልሱን ስማ።»

ወይራ ራሱ ተምሮበታል። «አቤት ጌታዬ» ከማለትና ሪፖርት ከማቅረብ ሌላ አነጋገር አያውቅም ነበር። መፍቻ ከመዋስ በፊት ቤተሰብ ደኅና አደረ ወይ ተብሎ እንደሚጠየቅ ያሳየው ጀይሉ ነው። እዚህ ደብተር ላይ ሰው የሚያሳስር አንድ ቃል የለም። ካነበቡት ጀይሉን ይተዉታል ብሎ ሰረቀው። ሞኝ።

«ወንድይፍራው?»

የሴት ድምፅ። ከጀርባው።

ከበደች ነበረች፣ ከክር ማጠንጠኛ ክፍል። ከሐኪም ቤት መመለሷ ነው።

«ምነው፣ ሥራ ቀረህ? አመመህ እንዴ?»

ደሜ ጋዜጣውን ገለጠ። ጥቅልሉ እንዳለ ነው።

ውሸት አጭር ይሁን ተብሎ ሠልጥኗል።

«እናቴ ሞተች» አለ። «ፍቼ። ዛሬ ጠዋት መርዶ ሰማሁ።»

ከበደች ጭንቅላቷን ያዘች። ከዚያ አቀፈችውና እዚያው ፌርማታው ላይ አለቀሰች።

«መርዶ ሰምተህ ብቻህን መንገድ ላይ! ሰው የለህም እንዴ? ነገ ሁላችንም እንመጣለን። ለጋሽ ጀይሉ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።»

ጦር ሰፈር ሰው ሲሞት ማስታወቂያ ይለጠፋል። አንድ ፋብሪካ ሙሉ ሰው ቤቱ ድረስ እንደሚመጣ ወይራ በሕልሙም አላሰበም።

«እናት አለችህ እንዴ?» አለ ደሜ፣ ሴትዮዋ ስትርቅ።

«የለችኝም።»

«አሁን አለችህ። ነገ ቤትህ ተቀመጥና ለቅሶህን ተቀበል።»

ጥቅልሉን እንደ ዳቦ ይዞት ሄደ።

* * *

እሑድ ከሰዓት ክፍሉ ሞላ። የአከራዩ እድር አግዳሚ አመጣ። ከበደች ንፍሮ ቀቀለች። ሀያቱ በሦስት ጣቱ የወይራን እጅ ጨብጦ እንባው ወረደ። አዲሶቹ ሠራተኞች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል።

ጀይሉ መጨረሻ ላይ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

«እናትህ ስሟ ማን ነበር?» አለው በቀስታ።

ወይራ ስም አዘጋጅቶ ነበር። ጠፋው።

«አላውቃትም። ማሳደጊያ ነው ያደግኩት።»

አፉ አመለጠው።

ጀይሉ አልተገረመም። «ደብተሬንም አንተ ነህ የወሰድከው።»

ወይራ ቀና ብሎ አየው።

«ካቦው ሲጠራህ እንደ ወታደር ተረከዝህን ታጋጫለህ። በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅኩህ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ለቅሶ ይቀራል እንዴ? ደብተሩን እንደሆነ ያንብቡት፣ ምን አለበትና። ይልቅ ለዚያች እናትህ አልቅሰህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ዛሬ ይለቀስላት።»

 ለወይራ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ብሎት አያውቅም።

«እህቴን! እህቴን!»

በሩ ላይ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ደረቱን እየመታ ቆሟል።

ደሜ ነበር።

ከኋላው ሁለት ሰዎች አሉ። ከአጥሩ ውጭ ላንድሮቨር ቆሟል።

የሟች ወንድም መስሏቸው ሴቶቹ አብረውት አለቀሱ። ከበደች ቦታዋን ለቀቀችለት፤ ንፍሮም ዘገነችለት። ያ ቃል የሰጠ አፍ ንፍሮ እየቆረጠመ፣ ዓይኑ ግድግዳው ሥር ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ ይቆጥራል። ወይራ ተከድቷል። የሚያቃጥለው ግን እሱም ከዳተኛ መሆኑ ነበር።

ወይራ ወደ ጀይሉ ተጠግቶ በሹክሹክታ ተናገረ፤ መሬት መሬት አላየም።

«ጋሽ ጀይሉ፣ ይህ ሰው ዘመዴ አይደለም። ሊወስድዎ ነው የመጣው። አሁኑኑ በጓሮ ይውጡ።»

ከዚያ ዝም ብሎ መልሱን ጠበቀ።

ጀይሉ ፈገግ አለ። «ይኸው ተማርክ። መንተባተብ የለ፣ ምን የለ።»

«እባክዎ ይውጡ!»

«እኔ ከወጣሁ አዲሶቹን ይለቅማቸዋል። እነሱ ደግሞ ምንም ቢጠየቁ ‹አዎ ጌታዬ› ነው የሚሉት።»

ተነሣ። ወደ ደሜም ዞረ።

«ጌታው፣ የሚፈልጉት ጀይሉን ከሆነ እኔ ነኝ። ደብተሩን ብቻዬን ነው የጻፍኩት። እነዚህ ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት፤ ይተዉልኝ።»

ደሜ ነጠላውን አስተካከለ። እንባው ደርቋል። ሁለቱ ሰዎች የጀይሉን ክንድ ያዙ። ግርግሩ መሃል ደሜ ወደ ወይራ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ሥራህን ጨርሰሃል። እስከ ሣልስት ተቀመጥ፤ እንዳይነቁብህ።»

«ቃል ሰጥተውኝ ነበር።»

«ቃል ለሰው ነው የሚሰጠው። አንተ ወይራ ነህ።»

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ማን ጠቆመ? ጀይሉ በሩ ላይ ቆሞ ዞረ። «እሱ ነው» የሚል አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ወይራ ያን ቃል ጠበቀ፤ ቢለው ደስ ባለው።

«ይህን ልጅ ብቻውን አትተዉት» አለ ጀይሉ። «ሐዘን ላይ ነው፣ ሰውም የለው።»

ከዚያ ወደ እሱ አየ።

«አላህ ያጥናህ።»

ላንድሮቨሩ ሄደ።

አልተዉትም። ሰኞም ማክሰኞም ከሥራ ሲወጡ መጡ። ከበደች ራሷ አጎረሰችው። ወይራ ሳግ እስኪይዘው አለቀሰ። «እናት ናታ» አሉ፣ እያባበሉት። ጀይሉ የት እንደተወሰደ ሲጠያየቁ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ሰማ።

ረቡዕ ጠዋት ክፍሉ ባዶ ነበር።

* * *

ከወር በኋላ፣ አቃቂ፣ ሌላ ፋብሪካ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

«ስም?»

ነገረው። ቢሮው የሰጠው አዲስ ስም ነው።

«ወላጆች አሉ?»

«እናቴ በቅርቡ ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር። ለቅሶውን ደረስክ?»

«ደርሻለሁ። ኮልፌ ነው የተለቀሰላት።»

ጸሐፊው ከንፈሩን መጥጦ ወደ ማሽኖቹ ክፍል አመለከተው። ወይራ ገባ። መጀመሪያ ሁሉንም ሰላም አለ፣ ቤተሰባቸውን ጠየቀ። ካቦው ሲጠራው ተረከዙን አላጋጨም።