አራት ቅዳሜ

«ይሄስ?»

«የሚሰጥ።»

«ይሄኛውስ?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ከምትነዘንዢ ዓይንሽ ያየውን አድርጊ!» አለች እናቷ በሰለለ ድምፅ። ወዲያው ደግሞ ቆጫትና «ነይ እስቲ፣ አሳዪኝ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ የልጅቷ አክስት ከሞተች ወር ሊሞላት ነው። አከራዩ ቤቱን ስለፈለጉት እናትና ልጅ ዕቃ ማውጣት ከጀመሩ ይኸው ሦስተኛ ቀናቸው። ቤት ተብዬው አንድ ክፍል ነው፤ ግን ቢዝቁት አያልቅም። ከአልጋው ሥር ቁራጭ ጨርቅ፣ ከቁምሳጥኑ አናት ቁራጭ ጨርቅ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል።

ጎረቤት ያሉት ጡረተኛ መምህር ቁምሳጥኑን በማውጣት ሊያግዙ ገቡ።

«ባለ ፈተናዋ አንቺ ነሽ?» አሏት። «አክስትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ በሯን ገርበብ አድርጋ ትጠብቅሽ ነበር። አራት ቅዳሜ ሙሉ! ‹ዛሬም ቀረች?› ስላት፣ ‹ይተዋት ጋሼ፣ ፈተና ላይ ናት› ትለኛለች። እንዴት ሆነልሽ ታዲያ?»

«ደህና» አለች ልጅቷ።

«ለትምህርቷማ ነፍሷን ትሰጣለች» አለች እናቷ፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ ብሎ።

ፈተናው ያለቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። የቀሩትን ሦስት ቅዳሜዎች ጓደኛዋ ቤት ፊልም ስታይ ነው ያሳለፈቻቸው። ለአክስቷ መርፌ ላይ ክር ማስገባቱ፣ ያንኑ ወሬ ደጋግሞ መስማቱ ደብሯት ነበር። «በሚቀጥለው እሄዳለሁ» ስትል አክስቷ ቀደመቻት።

ቁምሳጥኑ ወጣ፤ መምህሩም ተሰናብተው ሄዱ። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። እናቷም ደክሟታል፤ ዛሬ ባትሰማው ይሻል ይሆናል። ነገስ? ነገም ይደክማታል።

«እማ።»

«እ?»

«ፈተናው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ዋሽቼ ነው የቀረሁት።»

እናቷ ያጠፈችውን ቀሚስ ዘረጋች፤ መልሳ አጠፈችው። ልጅቷ ቁጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። «አይዞሽ»ም አልመጣም።

«ለምን አሁን ነገርሽኝ?»

«እንጃ። ጋሼን ‹ደህና› ስላልኳቸው መሰለኝ።»

እናቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተነሣች። «ፍራሹን በዚያ በኩል ያዢ» አለች።

በሩ ጠባብ ስለነበር አንዳቸው በጀርባ መራመድ ነበረባቸው። ልጅቷ ዞረችና ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች።

«ደረጃው ጋ ደርሰሻል» አለቻት እናቷ። «ቀስ በይ።»