ጠመንጃው ያልጎረሰው ቀለህ

ናኦሚ የአባቷን ሬሳ ያገኘችው ኢስት ዮርክ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ነው። አባቷ ተክሉ ጥይት ከሚሞላበት ጠረጴዛ ሥር በጀርባው ተንጋሏል፤ የአደን ጠመንጃው ደረቱ ላይ ተጋድሟል። የምታደርገው ቢጠፋት ጠመንጃውን አንስታ ወደ ጎን ወረወረችው። ፖሊስ ኮል ያደረገችው ከዚያ በኋላ ነው።

መርማሪ ሥርጉት እንደ ደረሰች ዓይኗ ያረፈው በጠመንጃው መቀርቀሪያ ላይ ነበር። ተከፍቷል። አንድ የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«መቀርቀሪያውን የከፈትሽው አንቺ ነሽ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ከላዩ ላይ አነሳሁት እንጂ...»

«አባትሽ በስህተት ራሱን መትቶ ቢሆን ቀለሁ እውስጥ በቀረ ነበር። የሞተ ሰው መቀርቀሪያ አይከፍትም። ሌላ ሰው እዚህ ነበር።»

በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ናኦሚ፣ እናቷ ጸዮንና የአባቷ የአደን ጓደኛ ጋሽ አቤ ብቻ ናቸው። በዋዜማው ደግሞ ከአባቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። እናቷ በሰዓቱ ሥራ ላይ እንደነበረች ባልደረቦቿ መሰከሩ። ጠመንጃው ላይ ከሟቹ ሌላ የተገኘው አሻራ የናኦሚ ነው።

አቤ ለቀስተኛው መሀል ተቀምጦ ለሥርጉት መለሰላት።

«እኔ የዚያን ቀን ሪጀንት ፓርክ ካለው ቤቴ አልወጣሁም።»

«ጠመንጃዎስ?»

«ካለፈው አደን ወዲህ ከሳጥኑ አልወጣም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ማንም አይነካውም።»

ከዚያ ናኦሚን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ብቻችሁን አልተዋችሁም» አላት። እውነትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ሶፋው ላይ ያድር ጀመር።

በማግስቱ ሥርጉት ናኦሚን ወደ ቤዝመንት ጠራቻት። ልጅቷ እጇን ሊያስሯት መስሏት ደረጃውን የወረደችው ግድግዳ ተደግፋ ነው። መርማሪዋ ግን ከጠረጴዛው ላይ በጥቁር ማርከር የተቀባ ቀለህ አንስታ አሳየቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አባዬ የተተኮሰ ቀለህ እየለቀመ መልሶ ይሞላው ነበር። ሰሞኑን ግን በመጭመቂያው ቅርጹን ቢያስተካክለውም ጠመንጃው አልጎርስ እያለ ሲያናድደው ከረመ። እንዲህ ይቀባና ያስገባዋል፤ ቀለሙ የተፋቀበት ነው የሚይዘው ይላል።»

«ትከሻው ላይ፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ ተፍቋል።»

«መጭመቂያው በደንብ ስላልወረደ ትከሻውን አልገፋውም ብሎኝ ነበር። የሚያስቸግሩት ደግሞ ከጋሽ አቤ ጠመንጃ የወጡት ናቸው። ቀለህ ሲተኮስ ይለጠጥና የተተኮሰበትን ጠመንጃ ልክ ይይዛል። የሁለቱም ጥይት አንድ ዓይነት ነው፤ የጋሽ አቤ ጠመንጃ ግን ጥይት መጉረሻው ከአባዬ ይሰፋል።»

ሥርጉት ቀለሁን በላስቲክ ከረጢት ከትታ ወጣች።

ላቦራቶሪው ሥራውን ሲጨርስ ናኦሚን፣ ጸዮንንና አቤን እዚያው ቤዝመንት ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠመንጃ ተዘርግቷል። ናኦሚ የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች።

«ይሄ ወለሉ ላይ የተገኘው ቀለህ ነው» አለች ሥርጉት። በተክሉ ጠመንጃ አስገብታ መቀርቀሪያውን ገፋችው። አልዘጋም አለ። «ከዚህ አልተተኮሰም ማለት ነው።» በሁለተኛው ሞከረችው፤ ያለ ምንም ችግር ተዘጋ። «ይሄኛውን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከእርስዎ ቤት ነው የወሰድነው፣ አቶ አቤ።»

«ተክሉ የኔን ቀለህ ይለቅም አልነበር? የድሮ ይሆናል!»

«ተክሉ የለቀመውን ሁሉ ቂጡ ላይ ያለችውን መለኮሻ አውጥቶ ነው የሚያስቀምጠው። የዚህ መለኮሻ ግን አለ፤ የተመታችውም በእርስዎ ጠመንጃ እንደሆነ ላቦራቶሪው አረጋግጧል። ተክሉ የእርስዎ ቀለህ ለምን እንደሚይዝ ሊያይ ጠመንጃዎን ይዘው እንዲመጡ ጠይቆዎት ይሆናል። መጡ፤ ገደሉት። አደጋ ለማስመሰል በጓንት የእሱን ጠመንጃ አንስተው ቀለሁን ሊያጎርሱት ሞከሩ፤ እምቢ ሲልዎት ቀለሁን ወለሉ ላይ ጥለው ጠመንጃውን ደረቱ ላይ አጋድመው ሄዱ። መቀርቀሪያው ክፍት የቀረው ለዚህ ነው። ጠመንጃዬን ማንም አይነካውም ያሉኝም እርስዎ ነዎት።»



«ባለፈው አደን አጋዘን መስሎኝ ሰው መታሁ» አለ አቤ። «ሰውዬው እግሩን አጣ። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ ተክሉ ብቻ ነበር። እዚች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ‹ሕሊናዬ እንቢ አለኝ፤ አብረን ፖሊስ ጋ እንሂድ› አለኝ። ጠመንጃው ጥይት ጎርሶ እጄ ላይ ነበር።»

ጸዮን ጩኸቷን ለቀቀችው። ናኦሚ ግን ይህ ሰው ሶፋቸው ላይ ያደረባቸው ሌሊቶች ሁሉ በዓይኗ መጡባት።

አቤን ይዘውት ከወጡ በኋላ ናኦሚ ሥርጉትን በሩ ላይ ደረሰችባት።

«ቅድም ሲሞከር ቀለሁ በአባዬ ጠመንጃ ቢገባ ኖሮስ?»

ሥርጉት፣ «አሻራሽ ጠመንጃው ላይ ስላለ አንቺን ነበር ይዤ የምሄደው» አለቻት።